ዝም ያለች ድመት፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ማስታመም ከየት መጣ?

"ድመቴን አስመክኜ ወደ ቤት አመጣኋት፤ አሁንስ ምን ላድርግ?" የሚል ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ እየደረሰኝ ነው። አጭሩ መልስ ሐኪሟ በብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፈላችሁ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን አትዝለል፤ ስፌቷን አትላስ፤ ገላዋ አይታጠብ፤ የሰው መድኃኒት አይሰጣት። አራት መስመር፣ በቃ።

ግን እነዚህ አራት መስመሮች ከሰማይ አልወረዱም። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ረጅም ታሪክ፣ አንዳንዴም ብዙ ሞት አለ። እኔ ደግሞ ትእዛዝ የሚከበረው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው ብዬ ስለማምን ዛሬ ታሪኩን ልተርክላችሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ቢላው አሮጌ ነው

የሴት እንስሳን ሆድ ከፍቶ ማምከን የዘመናችን ፈጠራ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እንስት አሳማዎች እንዴት እንደሚመከኑ ይነግረናል። ሁለት ቀን ምግብ ይከለከላሉ፣ በኋላ እግራቸው ይሰቀላሉ፣ ሆዳቸው ተቀዶ የእንቁላል እጢያቸው ይወጣል፣ ቁስሉም ይሰፋል። ሴት ግመሎችም ይመከኑ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ ሙያው ቢያንስ 2,300 ዓመት አስቆጥሯል ማለት ነው።

እኛም አገር ማኮላሸት እንግዳ ነገር አይደለም። ወይፈኑ ተቀጥቅጦ ለእርሻ ይገራል፤ በጉና ፍየሉ ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል፤ በኋላም ቡርዲዞ የሚባለው የጣሊያን መቆንጠጫ መጥቶ ሥራውን አቃለለው። የወንዱ ግን ውጭ ስለሆነ ቀላል ነው። የሴቷ ያለው ሆድ ውስጥ ነው፤ ሆድ መክፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በድሮዋ እንግሊዝ አገር ከመንደር መንደር እየዞሩ አሳማ የሚያመክኑ ባለሙያዎች ነበሩ። መምጣታቸውን የሚያሳውቁት ቀንደ መለከት እየነፉ ነው። ይቀዳሉ፣ ይሰፋሉ፣ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ፣ ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳሉ። የዳነች ትድናለች፣ ያልዳነች ትሞታለች። ልብ በሉ፦ መቅደዱ አለ፣ መስፋቱ አለ፤ ማስታመሙ ግን የለም።

ደግሞም ይህ ሁሉ የሚደረገው ለሥጋና ለጉልበት ነበር። ድመት ሥጋዋ አይበላ፣ አታርስ፤ ማን ብሎ ሆዷን ይከፍታል? ልጆቿ ሲበዙ መፍትሔው ሌላ ነበር፦ ከረጢት። በየሰፈራችን ማዳበሪያ ውስጥ ተከተው ወንዝ ዳር የተጣሉ የድመት ግልገሎችን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ተፈጥሮ ነው። ድመት ወንድ የምትፈልገው ቀኑ ሲረዝም ነው። ክረምቱ ጨለማ በሆነባቸው ሰሜናዊ አገሮች በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ወራት ታርፋለች። ለምድር ወገብ በቀረበው አገራችን ግን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ያው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ እረፍት የሚባል ነገር የላትም። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

አምስተኛው ቀን

ሆድ ከፍቶ የእንቁላል እጢን ማውጣት ይቻላል ብሎ በሰው ላይ ያሳየው ሐኪም አሜሪካዊው ዶክተር ኤፍሬም ማክዶዌል ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1809፣ ቦታው ኬንታኪ ውስጥ ዳንቪል የምትባል ትንሽ ከተማ። ታማሚዋ ጄን ቶድ ክራውፎርድ ትባላለች። ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን እብጠት ሆዷ ውስጥ ተሸክማ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈረስ ተጉዛ መጣች። ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልተገኘም። ቀዶ ሕክምናው 25 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ መዝሙረ ዳዊት እየደገመች እንደነበር ይነገራል።

ዳነች። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዶክተሩ በአምስተኛው ቀን ሊጠይቃት ሲመጣ አልጋዋን ስታነጥፍ አገኛት! ደነገጠና እንድትጠነቀቅ መከራት። ከ25 ቀን በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያም እስከ 1842 ኖረች።

ይህችን አምስተኛ ቀን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን። ሰውም ሆነ ድመት፣ ሆዱ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ "ደህና ነኝ" የሚልበት ቀንና በእውነት የዳነበት ቀን አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ቁስሉን አጥብቆ የያዘው በዋናነት ክሩ ነው። ከላይ ያለው ቆዳ ገጠመ ማለት ከሥር ያለው ሥጋ ጠነከረ ማለት አይደለም።

ኤተር፣ ካርቦሊክ አሲድና የበግ አንጀት

ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ነገሮች መጡ። የመጀመሪያው ማደንዘዣ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ዊልያም ሞርተን ኤተርን በሕዝብ ፊት አሳየ። በዓመቱ ለንደን ላይ ኤድዋርድ ሜይሂው የሚባል የእንስሳት ሐኪም ኤተሩን በውሾችና በድመቶች ሞከረው። ውጤቱ አላስደሰተውም። እንስሳቱ ይጮኹ ነበር፤ ጩኸታቸው የሕመም ይሁን የስካር መለየት አልቻለም። ከዚያ የደረሰበት መደምደሚያ ግን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፦ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ጩኸቱን እንደ ሥቃይ መቁጠር አለብን አለ። ይህ ሐሳብ በ1847 የተነገረ ነው። በሥራ ላይ እስኪውል ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ከግላስጎው ሆኖ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት መመረዝን እንደሚከላከል ጽፎ አሳተመ። ቀጥሎም ስለ ክሩ አሰበ። ሆድ ውስጥ የሚቀር ክር መርዝ ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ክር አስፈለገው። በካርቦሊክ የተነከረ ካትገት በአንድ ጥጃ የደም ሥር ላይ አስሮ ሲመለከተው ከወር በኋላ ክሩ በሕያው ሥጋ ተተክቶ አገኘው። ካትገት የሚለው የእንግሊዝኛ ስም "የድመት አንጀት" የሚል ትርጉም ያለው ይመስላል እንጂ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። ድመቷ በስም ብቻ ገባችበት! በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካ ሠራሽ የሚሟሙ ክሮች መጥተው ካትገትን እየተኩት ሄዱ። ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች "የሚወጣ ስፌት የላትም" የምትባሉት ለዚህ ነው።

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ራሱ የተጀመረው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በ1761 ነው፤ ዓላማው ግን ከብትና ፈረስ ነበር። ድመት እንደ ታካሚ የተቆጠረችው ዘግይታ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሆብዴይ ስለ ውሻና ድመት ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ያሳተመው በ1900 ነው። እንግሊዝ አገር በተዘረዘሩ የእንስሳት ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ማደንዘዣን በሕግ ያስገደደችው ደግሞ በ1919 ነው።

ከመኪና በኋላ የመጣች ታካሚ

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከሐኪም ቤት ውጭ ነው። መኪናና ትራክተር ፈረስን ሲተኩ የፈረስ ሐኪሞች ሥራ አጡ። ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ከተማ፣ ወደ ውሻና ድመት አዞሩ። ኒውዮርክ ውስጥ ሉዊስ ካሙቲ የሚባል ሐኪም ሥራውን ለድመቶች ሰጥቶ ቤት ለቤት እየዞረ ሲያክም ኖረ። በ1980 ያሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ርእስ "ታካሚዎቼ ሁሉ አልጋ ሥር ናቸው" እንደማለት ነው። ድመት ያለው ሰው ቀልዱ ይገባዋል።

በ1947 ኤድዋርድ ሎው የተባለ የሚሺጋን ሰው ሽንት የሚመጥ የሸክላ አፈር ለድመት መጸዳጃ ማቅረብ ጀመረ። ድመቷ ደጅ መውጣቷ ቀረ፤ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ማደር ቻለች። ቤት ውስጥ ያደረች ድመት ደግሞ ወንድ ስትፈልግ ሌሊቱን ሙሉ የምታሰማውን ጩኸት ጎረቤት ሳይቀር ያውቀዋል። ስለዚህ ማስመከን ከቅንጦት ወደ አስፈላጊነት ተሸጋገረ። ሎስ አንጀለስ በ1971 በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደር ዝቅተኛ ዋጋ ያለው የማምከኛ ክሊኒክ ከፈተች። በ1962 የተቀመመው ኬታሚን በዚሁ ዘመን ወደ ድመት ሕክምና ገባና ሥራውን አፈጠነው። ድመታችሁ ከክሊኒክ ስትመለስ ዓይኗ ፈጦ፣ ብሌኗ ሰፍቶ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ካያችኋት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። ኬታሚን እያደነዘዘ ዓይንን ክፍት ይተዋል፤ ሐኪሙ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት የሚያደርግላት ለዚህ ነው።

ሕመም እንደ ገመድ

እስካሁን የተረክሁት ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። ከዚያ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጨልመው።

እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ ባደጉትም አገሮች ቢሆን፣ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለድመት ማስታገሻ አይሰጡም ነበር። ክፉ ስለነበሩ አይደለም። ሦስት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛ፣ ድመቷ አትጮኽም፤ ስለዚህ አላመማትም። ሁለተኛ፣ የታወቁት ማስታገሻዎች ድመትን ይጎዳሉ፤ ሞርፊን በብዛት ሲሰጣት ታብዳለች፣ ሌሎቹም ይመርዟታል። ሦስተኛውን ግን በደንብ ስሙት፦ ሕመሙ ይጠቅማታል! ካመማት አትዘልም፣ ካልዘለለች ስፌቷ አይፈታም። ሕመምን እንደ ገመድ ነበር የሚጠቀሙበት።

በድመት ብቻ አልነበረም። አራስ የሰው ልጆች ሳይቀሩ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ የሚቀደዱበት ጊዜ ነበር፤ ሕመም በደንብ አይሰማቸውም፣ መድኃኒቱም ያሰጋቸዋል ተብሎ። በ1987 የታተመ ጥናት አራሶች በቂ ማደንዘዣ ሲያገኙ ከቀዶ ሕክምና በተሻለ እንደሚያገግሙ ካሳየ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። መናገር የማይችል ሁሉ "አላመመውም" ይባል ነበር።

በእንስሳቱ በኩል ይህን አጥብቆ የሞገተው በርናርድ ሮሊን ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበረ ሲሆን በ1985 የወጣውና በምርምር ላይ ላሉ እንስሳት የሕመም ማስታገሻን የሚጠይቀው የአሜሪካ ሕግ እንዲረቀቅ ከታገሉት አንዱ ነው። በ1989 ስለዚሁ ጉዳይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ድመት ለምን አትጮኽም? ቅድመ አያቷ ዛሬም በአገራችን የምትገኘው የአፍሪካ ዱር ድመት ናት። ለብቻዋ አድና ትበላለች፤ ራሷም ለትልልቆቹ አዳኞች ምግብ ናት። የታመመች መስላ የታየች ቀን አለቀላት። ዝምታዋ ጥንካሬ ሳይሆን መደበቂያ ነው።

ይህን ዝምታ ማንበብ የተማርነው ትናንት ነው ማለት ይቻላል። በ2019 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚለኩበት ዘዴ አሳተሙ። አምስት ነገር ያያሉ፦ ጆሮዋ ወደ ጎን ተዘርግቷል ወይ? ዓይኗ ጠቧል ወይ? አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ተወጥሯል ወይ? ጺሟ ቀጥ ብሏል ወይ? ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ወርዷል ወይ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል። ከ10 ነጥብ 4 እና ከዚያ በላይ ካገኘች ማስታገሻ ያስፈልጋታል። መሣሪያ የለውም፣ ዋጋ የለውም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

የመድኃኒቱም ነገር በጥንቃቄ ነው የሄደው። ሜሎክሲካም በመርፌ ለድመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ አሜሪካ በ2004 ፈቀደች። ሰዎች ሲደጋግሙት ኩላሊቷን እየጎዳ ስለገደለ በ2010 ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት። አውሮፓ ውስጥ ግን በጣም ባነሰ መጠን ለተከታታይ ቀናት ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት በመጠኑ መድኃኒትም መርዝም ነው።

እኛ አገርስ?

የእኛ የእንስሳት ሕክምና ታሪክ የከብት ታሪክ ነው፤ ይህም በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን የመጣው "ደስታ" የተባለው የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጅቶ ማረሻውን ባዶ ስላስቀረው ነው። ያንን በሽታ ለማጥፋት መቶ ዓመት ተታግለናል፤ ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ የተባለችው በ2008፣ ዓለም በሙሉ ነፃ የተባለው በ2011 ነው። በ1979 ደብረ ዘይት ላይ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም ቅድሚያ ያሰበው ለገበሬው ሀብት ነው። ትክክልም ነበር።

ስለዚህ ድመትን ቀዶ አክሞ፣ ከዚያም ማስታመም ለእኛ ገና አዲስ ልምድ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ። ነገር ግን እናቶቻችን አራስ እንዴት እንደምትታረስ እንዳስተማሩን ድመት እንዴት እንደምትታመም ያስተማረን የለም። ክፍተቱ ያለው እዚህ ነው።

አሁን ገመዱ እናንተ ናችሁ

የታሪኩ ፍሬ ነገር ይኼውና። ድሮ ድመቷን የሚያስራት ሕመሟ ነበር። ዛሬ ሐኪሙ ሕመሟን ወስዶላታል። ሕመም የሌላት ድመት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቁም ሳጥን ላይ ልውጣ ትላለች፤ የእኔዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው። "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ይባል የለ? የጄን ክራውፎርድ አምስተኛ ቀን ማለት ይህ ነው። ሕመሙ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን እናንተ ትሠሩታላችሁ።

አንደኛ፣ መዝለል። ከ10 እስከ 14 ቀን አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ትሁን፤ የምትወጣበት ከፍታ አይኑር። መኝታዋ መሬት ላይ፣ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ይሁን። አልጋ ሥር መደበቅ ከፈለገች ተዉአት፤ ግን ቀኑን ሙሉ ካልወጣች ፊቷን አይታችሁ ከላይ ያሉትን አምስት ምልክቶች ቁጠሩ። ደጅም አትውጣ፤ ከተመከነች በኋላም ለጥቂት ቀናት ሽታዋ ወንዶቹን ሊስብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መላስ። የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ነው፤ ስፌት ይፈታል። አንገቷ ላይ የሚጠለቀው ጃንጥላ መሳይ ነገር በፈረንጅ አፍ ስሙን ያገኘው በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን መኳንንቱ ከሚለብሱት ሰፊ የአንገት ልብስ ነው። ስታዩት ያሳዝናል፣ ግድግዳ ለግድግዳ ያላትማታል። ግን አታውልቁት። "አሳዘነችኝ" ብሎ ማታ አውልቆ ጠዋት የተፈታ ስፌት ማግኘት ነው ትልቁ ሐዘን።

ሦስተኛ፣ ንጽሕና። አትጠቡ፤ አልኮልም፣ ቅቤም፣ ማርም አትቀቡ። ሊስተር የታገለው ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ እንዲዘጋ ነው፤ ሐኪሙ አጽድቶ ዘግቶታል፣ የእናንተ ድርሻ ማየት ብቻ ነው፣ ጠዋትና ማታ። መጸዳጃዋ ላይ አሸዋው አቧራ ስለሚሆን ለእነዚህ ቀናት የተቀደደ ጋዜጣ ብታደርጉ ይሻላል። ትንሽ መቅላት ያለ ነው። መግል፣ ሽታ፣ የተከፈተ ቦታ ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ካያችሁ ግን ደውሉ። ድዷ ከነጣና ከደከመች ደግሞ ደም ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል፤ ነገ አይባልም።

አራተኛ፣ መድኃኒት። ፓራሲታሞል፣ ፓናዶል፣ በየትኛውም ስሙ፣ ፈጽሞ አይሰጣት! የድመት ጉበት እንደ እኛ አያጣራውም፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንዲት የ500 ሚሊግራም ፍሬ ድመትን ለመግደል ትበቃለች። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንደዚሁ። ካመማት ለሐኪሙ ነው የሚነገረው፤ እሱ በኪሎዋ ለክቶ ይሰጣታል። ቤት በገባችበት ማታ ሙሉ በሙሉ ከነቃች ውኃና ጥቂት ምግብ ስጧት። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ደውሉ፤ ለቀናት ያልበላች ድመት ጉበቷ በስብ ሊታወክ ይችላል።

ኤድዋርድ ሜይሂው በ1847 የምትጮኽ ድመት ፊት ቆሞ "ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ አሟታል" አለ። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ የተማርነው ደግሞ ይኸው ፍርድ ዝም ላለችውም እንደሚሠራ ነው። ዛሬ ማታ ድመታችሁ ጥግ ይዛ ጸጥ ካለች "ተኝታለች፣ ደህና ናት" ከማለታችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ ፊቷን እዩ። ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጺም፣ ጭንቅላት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ድመት ያላችሁ ወዳጆች እንዲያነቡት አጋሩላቸው። ለጤናቸው!